የሲንተሳይዘር ባንድ ሮክ ሲጫወት፤ የዴፔሽ ሞድን የ1993 አልበም እንዴት እናዳምጥ

በሲንተሳይዘር፣ ማለትም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ድምፅ በሚፈጥር መሣሪያ፣ የታወቀ አንድ የፖፕ ባንድ ድንገት ጊታሩን አጠንክሮ ከበሮውን አጉልቶ አልበም ሲያወጣ፣ አድማጭ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ይላል፤ ወይ «ዘመኑን ተከትለው ተለወጡ» ብሎ ያልፈዋል፣ ወይ «አሁን ገና እውነተኛ ሙዚቃ ጀመሩ» ብሎ ያደንቀዋል። ዴፔሽ ሞድ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ1993 ያሳተመው «ሶንግስ ኦፍ ፌይዝ ኤንድ ዲቮሽን» ሁለቱም ፍርዶች በቀላሉ የሚለጠፉበት አልበም ነው። እኔ ግን ሁለቱንም አልቀበልም። ይህን አልበም ያጠነከረው የሰው እጅ የተጫወተው ነገር ወደ ማሽን ገብቶ፣ ተቆርጦና ተቀጥሎ እንደገና መውጣቱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከዚህ በታች ያለው መመሪያም አንባቢው ይህን በራሱ ጆሮ እንዲመረምረው የተዘጋጀ ነው። ዓመታቱም ወራቱም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከማዳመጥ በፊት ጥቂት ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል። ባንዱ በ1980 ቤዝልደን በተባለች የኤሴክስ ከተማ ተመሠረተ። በመጀመሪያው አልበሙ ላይ የነበረው ዋና የዜማ ደራሲ ቪንስ ክላርክ በ1981 መጨረሻ ላይ ሲወጣ፣ ድርሰቱን ማርቲን ጎር ተረከበ፤ በ1982 ደግሞ በሙዚቃ ትምህርት የታነጸው አለን ዋይልደር ተቀላቀለ። ድምፃዊው ዴቭ ጋሃን ሲሆን፣ አራተኛው አንዲ ፍሌቸር ነበር። በዚያን ዘመን አሳታሚያቸው ሚዩት የተባለው የለንደን ኩባንያ ነበር። ለአሥር ዓመት ያህል የባንዱ መለያ የነበረው ሲንተሳይዘር፣ ሳምፕለር (የተቀረጸን ድምፅ ቆርጦ መልሶ የሚያጫውት መሣሪያ) እና የከበሮ ማሽን ነው፤ በ1990 የወጣው «ቫዮሌተር» ይህን አሠራር ወደ ከፍታው ካደረሰው በኋላ ግን፣ በዚያው መንገድ መቀጠል መድገም ብቻ እንደሚሆን ለባንዱ ግልጽ እየሆነ መጣ። በዚህ መሐል ጋሃን ኑሮውን ወደ ሎስ አንጀለስ አዛወረ፤ ጸጉሩን አሳደገ፣ ንቅሳት አበዛ፣ በአሜሪካ እየፈነዳ የነበረውን ከባድ የጊታር ሙዚቃም ወደደ። ወደ ሥራ ሲመለስ ባንዱ ሮክ እንዲጫወት የሚሻ ሰው ሆኖ ነበር።

የመጀመሪያው ሥራ ጆሮን ማዘጋጀት ነው። አልበሙን ከመክፈትዎ በፊት በ1989 የወጣውን «ፐርሰናል ጂሰስ» እና በ1990 የወጣውን «ኢንጆይ ዘ ሳይለንስ» አንድ አንድ ጊዜ ያዳምጡ። በመጀመሪያው ዘፈን ላይ ጊታር ከፊት ተቀምጦ ያገኙታል፤ ስለዚህ «ባንዱ በ1993 ጊታር አነሣ» የሚለው ወሬ ስሕተት መሆኑን ወዲያውኑ ይረዳሉ። የዚያን ዘፈን ከባድ የእግር ምት የሚመስል ድምፅ ያገኙት በመሣሪያ ማጓጓዣ ሣጥኖች ላይ ሰዎች ሲዘሉ ቀርጸው ነው። ይህን ልብ ብለው ይያዙት፤ ሰው ያወጣውን ድምፅ ቀርጾ በማሽን ማሰለፍ ባንዱ ቀድሞ የሚያውቀው ጥበብ ነበር። በ1993 የተለወጠው ወደ ማሽኑ የሚገባው ነገር መጠንና ዓይነት ነው።

ቀጥሎ መሣሪያን እናንሣ። የስልክ ድምፅ ማጉያ ለዚህ አልበም አይበቃም፤ የታችኛው ድምፅ ስለሚጠፋ ከበሮው እንደ ቆርቆሮ ይሰማል። ውድ ያልሆነ ነገር ግን ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ማዳመጫ ይበቃል። ድምፁን መጀመሪያ ላይ መካከለኛ ላይ ያድርጉት፤ አልበሙ የሚጀምረው ጆሮ በሚሰነጥቅ የሲንተሳይዘር ጩኸት ስለሆነ፣ አጉልቶ የጀመረ ሰው ማዳመጫውን አውልቆ ይወረውራል። አሥሩ ዘፈኖች በድምሩ 47 ደቂቃ ገደማ ይወስዳሉ። በ2006 እንደገና ተስተካክሎ የታተመው ቅጂም የመጀመሪያውም ለዚህ ሥራ ያገለግላሉ፤ ዋናው ነገር ሁለቱን እያፈራረቁ ራስን አለማደናገር ነው።

የመጀመሪያውን ዙር ያለ ማቋረጥ፣ ያለ ማስታወሻ፣ ከዳር እስከ ዳር ያዳምጡ። በዚህ ዙር የሚፈለግ ነገር የለም፤ የት እንደ ሰለቸዎት፣ የት ደግሞ ቀና ብለው እንደ ተቀመጡ ብቻ ይያዙ። እኔ በመጀመሪያ ስሰማው «ረሽ» ላይ ሰልችቶኝ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ከአልበሙ ደካማው እርሱ ይመስለኛል። አንባቢው በዚህ የመስማማት ግዴታ የለበትም።

በሁለተኛው ዙር ከበሮውን ብቻ ይከተሉ፤ የዚህ መመሪያ ልብ ያለው እዚህ ነው። አለን ዋይልደር ለዚህ አልበም እውነተኛ ከበሮዎች ፊት ተቀምጦ በእጁና በእግሩ ተጫወተ። የተጫወተው ግን እንደ ሌሎች የሮክ ባንዶች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዳለ አልተለቀቀም። እርሱና ከባንዱ ጋር አልበሙን ያዘጋጀው ፍለድ የተባለው ፕሮዲውሰር ጥሩ ጥሩውን ቁራጭ እየመረጡ ወደ ሳምፕለር አስገቡት፤ ቁራጮቹም እንደ ሉፕ፣ ማለትም ሳይቋረጥ እንደሚደጋገም ቁራጭ፣ እየተዞሩ በኮምፒዩተር ተሰደሩ። ውጤቱ ሁለት ጠባይ አለው። እያንዳንዱ ምት የሰው ክብደት፣ የቆዳና የብረት ድምፅ፣ የተመታበትም ክፍል አየር አለበት፤ ድግግሞሹ ግን የማሽን ነው፣ አይደክምም፣ አይቸኩልም፣ አያመነታም።

ይህን ለመለየት በ«አይ ፊል ዩ» ይጀምሩ። ምቱን በእግርዎ ሲከተሉ በየምቱ ውስጥ ሦስት ሦስት ሆኖ የሚከፈል መወዛወዝ ያገኛሉ። ከምዕራቡ ፖፕ ብዙው በሁለትና በአራት ስለሚከፈል፣ የአውሮፓ አድማጭ ይህን መወዛወዝ ከአሜሪካ ብሉዝ ጋር ያያይዘዋል፤ ዘፈኑም በእርግጥ የብሉዝ ልጅ ነው። በችክችካ ያደገ የሀገራችን ጆሮ ግን በሦስት የሚከፈል ምትን ሳይማር ስለሚያውቀው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቅድሚያ አለው። አሁን አንድ ዙር ምት መርጠው ይያዙና ከሚቀጥለው ዙር ጋር ያስተያዩ። በቀጥታ የሚጫወት ከበሮኛ አንድን ዙር ሁለት ጊዜ በፍጹም አንድ አድርጎ አይመታም፤ የተቆረጠ ቁራጭ ግን አንዷ ምት ዘግየት ብላ ከሆነ፣ ያችው መዘግየት በዚያው ቦታ እየተመለሰች ትመጣለች። ይህን ልዩነት ለመስማት ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል፤ አንዴ ከተሰማ በኋላ ግን አልበሙን በድሮው ጆሮ መስማት አይቻልም።

ለማነጻጸሪያ የሚሆን ነገር ከራሳችን ቤትም አለ። በካሴት ዘመን መጨረሻ ላይ በአንድ ኪቦርድ ብቻ የተሠሩትን የአማርኛ ዘፈኖች ያስታውሱ፤ በኪቦርዱ ውስጥ አብሮ የመጣው ሪትም ከዘፈኑ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይለወጥ ይዞራል፣ ምቱም የማንም ሰው ምት አይደለም። የዋይልደር ሉፕ እንደዚያው ይዞራል፣ የሚዞረው ግን አንድ ሰው በአንድ ቀን በአንድ ክፍል ውስጥ የመታው ነው። ልዩነቱን በቃል ከማስረዳት ሁለቱን አከታትሎ መስማት ይሻላል።

ከዚህ ጋር የሚሄደው የክፍሉ ጉዳይ ነው። በ1992 ባንዱ ስቱዲዮ ከመከራየት ይልቅ በማድሪድ ዳርቻ አንድ ትልቅ ቤት ተከራይቶ በውስጡ የራሱን ስቱዲዮ አቋቋመ፤ ሐሳቡ ፍለድ ከዩቱ ባንድ ጋር ከሠራው ሥራ የመጣ ነበር። አብሮ መኖሩ ፍሬ እንዲያፈራ ታስቦ ነበር፣ ነገር ግን አራቱ ሰዎች ተጣብበው ተሰለቻቹ፤ ጋሃን በዚያን ጊዜ በአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ውስጥ ስለ ነበረ አብዛኛውን ጊዜውን በክፍሉ ተዘግቶ ያሳልፍ ነበር። ሥራው የተሻለ የተጓዘው ወደ ሀምቡርግ ከተዛወሩ በኋላ ነው። ሚክሲንጉ፣ ማለትም የተቀረጹትን ድምፆች አመጣጥኖ ማዋሐዱ፣ በለንደን ኦሊምፒክ ስቱዲዮ ከድምፅ ባለሙያው ማርክ ስፓይክ ስቴንት ጋር ተጠናቀቀ። የማድሪዱ ቤት ግን ያለ ጥቅም አልቀረም፤ ከአልበሙ ድምፆች ብዙዎቹ ግድግዳና ወለል የሚሰማባቸው በዚያ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ዙር የጥርጣሬ ዙር ነው፤ «ይህ ጊታር ነው ወይስ ሌላ?» እያሉ ያዳምጣሉ። ለዚህ የሚመረጠው ዘፈን «ዎኪንግ ኢን ማይ ሹዝ» ነው። መግቢያውን የሰማ ሰው ጊታር ነው ብሎ ቢምል አይደንቅም፤ መሠረቱ ግን ፒያኖና የሃርፕሲኮርድ (ፒያኖን የሚመስል የድሮ ባለ ቁልፍ መሣሪያ) ድምፅ ሲሆን፣ ሁለቱ በጊታር ማጉያና ማሻከሪያ በኩል እንዲያልፉ ተደርገው ነው እንዲህ የሻከሩት። ዘፈኑን ሁለት ጊዜ ያዳምጡት፤ በመጀመሪያው የጣት አነካኩን ይፈልጉ፣ ማለትም ክር ተጎትቶ ሲለቀቅ ያለውን ድምፅ ወይም ቁልፍ ተመትቶ ሲነሣ ያለውን። በሁለተኛው ሻካራነቱን ትተው ዜማውን ብቻ ይከተሉ። ያኔ ከሻካራው ልብስ በታች የጎር የተለመደ፣ ንጹሕና ሐዘንተኛ የፖፕ ዜማ ቁጭ ብሎ ያገኙታል። ዜማው በፒያኖ ብቻ ቢዘፈን የሚቆም ነው፤ ብዙ የሮክ ዘፈን ይህን ፈተና አያልፍም።

አራተኛው ነገር የሰው ድምፅ ነው። «ኮንደምኔሽን» የተባለው ሦስተኛው ዘፈን ጊታር የበዛበት አይደለም፣ ግን ከአልበሙ ሁሉ እጅግ ከባዱ እርሱ ነው ብል አልሳሳትም። ምቱን ለመሥራት ሰዎቹ በአንድ ቦታ ተሰብስበው የመሣሪያ ማጓጓዣ ሣጥን እየደበደቡ፣ እጃቸውን እያጨበጨቡ ሞከሩት፤ የዘፈኑም አቅጣጫ ከዚያ ተገኘ። ጋሃን የዘፈነው በግድግዳው ማስተጋባት በተሞላ ጠባብ ቦታ ሲሆን፣ እርሱ ራሱ ከምርጥ ዘፈኖቹ ተርታ ይቆጥረዋል። ሲያዳምጡ የሚከታተሉት ነገር ትንፋሹ ነው። በቀድሞዎቹ አልበሞች ላይ ጋሃን ሰፊና ቀዝቃዛ ድምፅ ይዞ በዜማው ላይ ይቆማል፤ እዚህ ግን ይገፋል፣ ይሰነጠቃል፣ በሐረጉ መጨረሻ ላይ አየር ያጥረዋል። የድምፁ ስንጥቅ ሳይታረም መተዉ ውሳኔ ነው፤ እነዚህ ሰዎች እያንዳንዱን ሰከንድ በኮምፒዩተር መሰደር የሚችሉ መሆናቸውን ለሚያስብ አድማጭ ደግሞ ውሳኔው የበለጠ ይታየዋል።

ወደ «ጌት ራይት ዊዝ ሚ» ሲያልፉ የጎስፔል፣ ማለትም የጥቁር አሜሪካውያን የቤተ ክርስቲያን መዝሙር፣ ዘማሪዎችን ያገኛሉ፤ ከእነርሱ አንዱ የለንደን ኮሚዩኒቲ ጎስፔል ኳየርን የመሠረተው ባዚል ሚድ ነው። ሒልዲያ ካምቤልና ሳማንታ ስሚዝ ደግሞ በኋላ ከባንዱ ጋር በዓለም ዙሪያ ተጉዘዋል። በጭብጨባና በመዘምራን ድምፅ ያደገ አንባቢ እዚህ ላይ ቤቱ የገባ ያህል ሊሰማው ይችላል፤ ሆኖም ከሥር ያለው ምት ሂፕ ሆፕን የሚመስል ዘገምተኛ ሉፕ መሆኑን አይርሳ። ሁለቱን ነገሮች ለየብቻ ተከትሎ፣ ከዚያ በአንድነት መስማት ጥሩ ልምምድ ነው።

ስለ ግጥሙ አንድ ማሳሰቢያ አስፈላጊ ነው። የአልበሙ መጠሪያ በአማርኛ «የእምነትና የመሰጠት ዘፈኖች» እንደ ማለት ነው፤ በውስጡም ኩነኔ፣ ምሕረትና ይሁዳ ተጠርተዋል። በመጠሪያው ተታልሎ የመዝሙር አልበም የመሰለው ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ለእኛ ይህን ለመፍታት የቀረበው መሣሪያ ሰምና ወርቅ ነው፣ ግን ተገልብጦ መያዝ አለበት። በቅኔያችን ብዙ ጊዜ የዓለሙ ታሪክ ሰም ሆኖ መንፈሳዊው ወርቅ ከውስጡ ይወጣል፤ በጎር ግጥም ግን የቤተ ክርስቲያኑ ቃል ሰም ነው፣ ወርቁ የሁለት ሰዎች ፍቅር፣ ጥገኝነትና ጥፋት ነው። «ዎኪንግ ኢን ማይ ሹዝ» ላይ ተናጋሪው ሊፈርዱበት ለተቀመጡ ሰዎች የሚናገር ነው፤ ይቅርታ አይለምንም፣ እርሱ በሄደበት መንገድ እንዲሄዱ ብቻ ይጠይቃቸዋል። ይህን ግጥም በቀዝቃዛ የሲንተሳይዘር ድምፅ ላይ ቢያስቀምጡት ክርክር ብቻ ይሆናል። የሻከረው ፒያኖና የተሰነጠቀው ድምፅ ሲጨመሩበት ግን የተከሳሽ ቃል ይሆናል፤ የሙዚቃው መጠንከር ከግጥሙ የመጣ እንጂ ከላይ የተለጠፈ እንዳልሆነ የሚያሳምነኝ ይህ ነው።

ጸጥተኞቹን ዘፈኖች በአጭሩ ልለፋቸው። ሁለቱን የሚዘፍነው ራሱ ጎር ነው። «ጁዳስ» በወናፍ በሚነፋ የአየርላንድ ባሕላዊ መሣሪያ፣ በኢልያን ፓይፕ ይከፈታል፤ «ዋን ካሬስ» ደግሞ ከበሮ የሌለበት፣ በክር መሣሪያዎች ብቻ የታጀበ ነው። እነዚህን መዝለል የለብዎትም፤ ጆሮ የሚያርፍበት ቦታ ባይኖር የሌሎቹ ክብደት አይታወቅም ነበር።

አምስተኛውና ረጅሙ ሥራ «ኢን ዩር ሩም» («በክፍልሽ ውስጥ») ነው። የአልበሙ ቅጂ ስድስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይወስዳል፣ የተሠራውም እንደ ደረጃ ነው። መጀመሪያ ላይ ምቱ ትንሽና ኤሌክትሮኒክ ነው፣ ድምፃዊውም በጆሮ የሚያንሾካሹክ ይመስላል። ከዚያ በየክፍሉ አንድ ነገር ይጨመራል፤ የከበሮው ድምፅ ይሰፋል፣ ወደ መጨረሻው ሲደርስም ሙሉ ከበሮ በሙሉ ኃይሉ ይወርዳል። ሰዓት ይዘው የከበሮው ድምፅ የሚለወጥባቸውን ደቂቃዎች በወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ከዚያ በየለውጡ አጠገብ ግጥሙ ምን እያለ እንደ ሆነ ያስተያዩ። ክፍሉ እየጠበበ፣ ተናጋሪው እየታሰረ በሄደ ቁጥር ሙዚቃው እየሰፋ እንደሚሄድ ያገኛሉ። ይህን መሰል ግንባታ ለመሥራት የሚጠይቀው የሰዳሪ ትዕግሥት ነው፤ ትዕግሥቱን ያስተማረቻቸው ደግሞ የድሮዋ የማሽን ሙዚቃ ናት።

ከዚህ በኋላ በ1994 መጀመሪያ ላይ ለነጠላ ዜማ የወጣውን ሌላ ቅጂ ይክፈቱ፤ «ዜፈር ሚክስ» ይባላል። እርሱን ያዘጋጀው ኒርቫና የተባለውን የአሜሪካ ሮክ ባንድ አልበም «ኔቨርማይንድ»ን በ1991 ያዘጋጀው ቡች ቪግ ነው። አጠር ያለ ነው፣ ጊታሩ ከፊት ነው፣ ቅርጹም ሬዲዮ በዚያን ዘመን ይፈልገው የነበረው የሮክ ቅርጽ ነው። ሁለቱን አከታትለው ሲሰሙ ጥያቄው ራሱ ይመጣል፤ የትኛው ነው የሚከብደው? እኔ የምመልሰው የአልበሙ ነው ብዬ ነው። የሮክ ሰው እጅ ያረፈበት ቅጂ ቆንጆ ነው፣ ግን በየትኛውም ጥሩ ባንድ ሊሠራ ይችል ነበር፤ የአልበሙን ቅጂ ግን ከእነዚህ አራት ሰዎችና ከፍለድ በቀር ሊሠራው የሚችል አይታየኝም። አንባቢው ሌላ መልስ ቢያገኝም ልምምዱ ሥራውን ሠርቷል።

አልበሙ በመጋቢት 22 ቀን 1993 ወጥቶ በእንግሊዝም በአሜሪካም የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። ዋጋው ግን ከባድ ነበር። ተከትሎ የመጣው ረጅም የመድረክ ጉዞ በ1994 ሲያልቅ ፍሌቸር ከመሐል አቋርጦ ወደ ቤቱ ተመልሶ ነበር፤ ዋይልደር ደግሞ በሰኔ 1995 ባንዱን ለቀቀ። ስለዚህ ሲያዳምጡ ከበሮውን የሰጠ፣ የቈረጠና የሰደረ ሰው ከባንዱ ጋር የሠራው የመጨረሻ የስቱዲዮ አልበም መሆኑን ይወቁ።

ለመጨረሻው ዙር በታኅሣሥ 1993 የወጣውን የመድረክ አልበም ይጠቀሙ፤ አሥሩንም ዘፈኖች በዚያው ቅደም ተከተል ስለያዘ፣ የስቱዲዮውንና የመድረኩን አንድ በአንድ እየተኩ ማነጻጸር ይቻላል። በመድረኩ ላይ ዋይልደር በአንዳንዶቹ ዘፈኖች ከበሮ በቀጥታ ስለሚመታ፣ በሁለተኛው ዙር የያዙትን ልምምድ እዚህ ይድገሙት፤ አንድ ዙር ምት መርጠው የሚቀጥለው በትክክል ያው መሆን አለመሆኑን ይመርምሩ። ከቻሉ ደግሞ ፎቶግራፈሩ አንቶን ኮርባይን የሠራውን የዚያን ጉዞ የኮንሰርት ፊልም ያክሉበት። ኮንሰርቱ የሚከፈተው በአልበሙ የመጨረሻ ዘፈን፣ በ«ሃየር ላቭ» ነው፤ የባንዱ አባላት ከመጋረጃ በስተጀርባ እንደ ጥላ ብቻ እየታዩ ይጀምሩታል። ስለዚህ አልበሙን ጨርሰው ወዲያው ወደ ፊልሙ የሚሻገሩ ከሆነ፣ ያቆሙበት ዘፈን ላይ ይቀጥላሉ።